መራራዋ ፍሬ ባሕር ማዶ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጊዜ ያለው ይስማኝ፣ የቸኮለም ትንሽ ይታገሠኝ፤ ዛሬ የማወጋችሁ የግብጦን ነገር ነውና፣ ግብጦ ደግሞ ከችኩል ሰው ጋር ተስማምቶ አያውቅም።

ልጅ ሳለሁ ሜጫ ውስጥ፣ ከመርዓዊ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአያቴ ጋር ነበር የምኖረው። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ አያቴ ግብጦውን ከጎተራ ታወጣና በብረት ምጣድ ትቆላዋለች፣ ጭሱ ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ አቀዝቅዛ በጆንያ ትሞላዋለች፣ አፉን ጠብቃ ታስረዋለች፣ እኔን አስከትላ ወደ ኮጋ ወንዝ ትወርዳለች፣ ውኃው ከጉልበቷ የማያልፍበትን ቦታ ትመርጥና ጆንያውን አስተኝታ ድንጋይ ትጭንበታለች፣ የገመዱንም ጫፍ ዳር ላይ ካለ ሾላ ሥር ትቋጥረዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የወንዙ ነው። ኮጋ ቀንና ሌሊት በጆንያው ውስጥ እየገባ ይወጣል፣ መራራውን ትንሽ በትንሽ ይዞ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን አያቴ ትወርድና አንዲት ፍሬ ታወጣለች፣ ልጧን በአውራ ጣቷ ገፍታ ትጥልና ፍሬዋን በፊት ጥርሷ ትነክሳታለች፣ ዓይኗንም ትጨፍናለች። እኔ አፏን አያለሁ። «ገና ነው» ትላለች። እንመለሳለን። በአራተኛውም ቀን «ገና ነው» ትላለች።

አንድ ዓመት ግን መታገሥ አቃተኝና በሁለተኛው ቀን ብቻዬን ወርጄ የጆንያውን አፍ ፈትቼ አንድ እፍኝ ሰረቅሁ፤ ምላሴን ቢቆጠቁጠኝም እልህ ይዞኝ ጨረስሁት፣ ከዚያ ዳገቱን ሳልጨርስ ራሴ ዞረ፣ ሆዴ ተገለባበጠ፣ ጎረቤት አንሥቶ ነው ቤት ያደረሰኝ። አያቴ አልመታችኝም። ውኃ አጠጥታ፣ ግንባሬን ዳስሳ፣ «ወንዙ ያልጨረሰውን አንተ ልትጨርሰው ኖሯል?» አለችኝ።

ይኸን ያዙልኝ።

ግብጦ የደሀ እህል ነው ይሉታል። ጤፍ ያስቸገረው፣ አሲድ የበዛበት፣ ያረጀ መሬት ላይ ይበቅላል፤ እንደ ሌላው እህል ደጋግማችሁ እረሱልኝ አይልም፤ ሥሩ ላይ ያሉት ደቃቅ ሕያዋን ከአየር ናይትሮጅን እየሳቡ መሬቱን ለከርሞ እህል ያሳድሩታል። አረቄም ይወጣዋል፤ የግብጦ አረቄ የቀመሰ ጎጃሜ ሁሉ አንድ አንድ ታሪክ አለው፣ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። ከብትም አይደፍረውም፤ እኔን በዚያ ዳገት ላይ የጣለኝ መርዝ፣ ሳይንቲስቶች አልካሎይድ የሚሉት፣ ለተክሉ አጥሩም ዘበኛውም እሱው ነው።

አሁን ሩቅ እንሂድ። በአውስትራሊያ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከፐርዝ ከተማ ወደ ሰሜን ወደ ጄራልድተን ሲሄዱ፣ በግራ የሕንድ ውቅያኖስ አለ፣ በቀኝ ደግሞ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ የስንዴና የበግ አገር። መሬቱ አሸዋ ነው፤ ውኃ አይዝም፣ ፍሬ ነገር የለውም። ዝናቡ የሚመጣው እኛ ዘንድ ሰኔ ግም ሲል ነው፣ የእነሱም ክረምት ያኔ ነውና፤ ብቻ የእነሱ ዝናብ ከባሕር ብርድ ይዞ የሚወጣ፣ በነፋስ የሚገረፍ ዝናብ ነው። ይህን ነፋስና ይህን ዝናብ አትርሱብኝ፣ በኋላ ሥራ ይሠራሉ። ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

በዚያ አሸዋ ላይ ስንዴ ብቻ ቢዘሩበት መሬቱ ይራቆታል፣ ስለዚህ ግብጦ ፈለጉ። የፈለጉት ግን የማይመር ግብጦ ነው፤ በጉ እንዲበላው፣ ወንዝ እንዳያስፈልገው። መንገዱን የከፈተው ሩቅ ያለ ጀርመናዊ ነበር፣ ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ ይባላል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ይህ ሰው ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ የግብጦ ተክል እያንዳንዱን በኬሚካል ሲመረምር ከርሞ ከዚያ ሁሉ መካከል መራራነታቸው የጠፋ ጥቂት ተክሎች አገኘ። አንድ ሚሊዮን ተኩል! አያቴ በጥርሷ ያደረገችውን እሱ በጠብታ አደረገው እንጂ ጥያቄው ያው ነው፦ ደርሷል ወይስ ገና ነው?

ከዚያም በ1950ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ጆን ግላድስቶንስ የሚባል ሰው ተነሣ። ጠባብ ቅጠል ያለውን፣ ሰማያዊ የሚያብበውን ግብጦ ይዞ የጀርመኑን ጣፋጭነት አገባበት፣ በ1967 ዩኒዋይት የሚባለውን አበባውም ፍሬውም ነጭ የሆነ ዝርያ አወጣ፤ ነጭ ያደረገውም ጣፋጩ ከዱሩ መራራ ጋር ሲደባለቅ ገበሬው በዓይኑ እንዲለየው ነው። በ1971 ደግሞ ሲደርስ ዛላው እየፈነዳ የማይረግፈውን ዩኒሃርቨስትን ጨመረ። በዚያም አገር የዓለም ትልቁ የግብጦ እርሻ ቆመ።

ሁሉም ግን አልሰመረም። አዝመራው ከተነሣ በኋላ በቆመው ገለባ ላይ አንድ ፈንገስ እየበቀለ መርዝ ይሠራል፣ ገለባውን የቃሙ በጎች ጉበታቸው ይታመምና ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ይሞታሉም። ዎላስ ካውሊንግና ባልደረቦቹ ፈንገሱን የሚቋቋም ዝርያ ሲፈልጉ ከርመው በ1988 ጉንጉሩ የሚባለውን አወጡ። ይህ ራሱን የቻለ ወግ ነው፣ እኔ ግን ወደ ነጩ ግብጦ ቸኩያለሁ፤ ከኔ ወገን ያለው እሱ ነውና።

ነጩ ግብጦ ትልቅ ፍሬ ያለው፣ እኛም ዘንድ የሚዘራው ዓይነት ነው። ጥንት ከሜዲትራኒያን ዙሪያ የወጣ ተክል ነው፤ ስሙን ስጠራ ራሱ ግብፅ ትዝ ትለኛለች። በጄራልድተን በኩል ገበሬዎቹ የያዙት ነጭ ግብጦ ኪየቭ ሙታንት ይባል ነበር፤ ከዩክሬን የመጣ፣ ጣፋጭ፣ ቶሎ የሚያብብ፣ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣ። አንድ ዝርያ ብቻ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ።

በ1996 በሽታው ገባ። አንትራክኖስ ይሉታል፤ ቃሉ በግሪክ ከከሰል ጋር የተያያዘ ነው፣ በግብጦ ላይ ግን ቀለሙ ከሰል አይደለም። አንዱን ተክል ቀርባችሁ ብታዩት፣ ለጋው ግንድ አንድ ቦታ ላይ እንደ ተሰበረ ክርን ይታጠፋል፣ ጫፉ ወደ መሬት ይደፋል፣ በእጥፋቱ ውስጥ ደግሞ ቁስል አለ፣ በቁስሉም ውስጥ ብርቱካንማ፣ የሚያዳልጥ፣ ሙጫ የሚመስል ነገር ተቀምጧል። ያ ሙጫ የፈንገሱ ዘር ነው፤ ለቁጥር የሚያታክት። ዝናብ ጠብ ሲልበት ይፈናጠራል፣ ነፋሱ ጠብታውን ይዞ ጎረቤት ተክል ላይ ያሳርፈዋል፣ ያም ይታጠፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ መጀመሪያ አንድ ክብ፣ ከዚያ አንድ ጥግ፣ ከዚያ ማሳው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ዛላው ላይ የደረሰ እንደሆነ ደግሞ ዛላው ይጣመማል፣ ፈንገሱም ወደ ፍሬው ገብቶ ይተኛል፤ ገበሬው ያን ፍሬ ለከርሞ ዘር ብሎ በገዛ እጁ ጎተራ ያገባዋል። ከሺህ ፍሬ አንዷ ብትታመም ለማሳው ትበቃለች።

ሰማያዊው ግብጦ ዕድል ቀናው። በዚያው በ1996 የወጣው ዎንጋና በ1998 የወጣው ታንጂል በሽታውን ቻሉት። የታንጂል ጥንካሬ በአንድ ብርቱ ዘረመል ላይ የቆመ መሆኑን ኋላ አገኙ፤ በ2017 የሰማያዊው ግብጦ ሙሉ ዘረመል ተነቦ ሲታተም የተነበበው የዚሁ የታንጂል ነው። ለኪየቭ ሙታንት ግን የሚደርስለት አልነበረም። ቶሎ ያብባል ብለው የወደዱት፣ ጣፋጭ ነው ብለው የወደዱት፣ ያ የተመሰገነ ነጭ ግብጦ ማሳ በማሳ ተደፋ፤ በዚያ አገር የነጭ ግብጦ እርሻ ማለት ኪየቭ ሙታንት ነበርና ከእሱ ጋር እርሻውም ወደቀ።

ያን ጊዜ ሳይንቲስቶቹ ወደ ዘር ጓዳቸው ተመለሱ። ጓዳ ስል በእውነትም ጓዳ ነው፤ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከየአገሩ የተሰበሰበ ዘር በየትንሿ ከረጢት፣ በየከረጢቷ ላይ ቁጥር። ቤተ ሰብ ሲቸገር እናቶች ከማድጋ ሥር፣ ከቅል ውስጥ የረሱትን ዘር እንደሚያወጡ፣ እነዚህም የረሱትን አወጡ፤ ታምሞ ከታጠፈ ግብጦ ጎን እየዘሩ፣ ውኃ እየረጩ፣ በሽታው በደንብ እንዲይዛቸው አድርገው ጠበቁ። አብዛኛው ተደፋ። ከቆሙት ውስጥ ግን የጠነከሩት ከኢትዮጵያ የሄዱት ነበሩ።

እስኪ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ እኔ ይህን መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት መነጽሬን አውልቄ ተቀምጫለሁ። ከእነዚያ የቆሙት አንዷ፣ ስሟ ፒ27174 ነው። በቃ ይኸው ነው ስሟ፣ በፐርዝ መዝገብ የተሰጣት ቁጥር። እኛ አገር ስም የነበራት፣ አንዲት ሴት «የዘንድሮው ግብጦ» ብላ በእጇ መርጣ፣ ነቀዝ ያልነካውን ለይታ፣ በቅል ያስቀመጠቻት ፍሬ ናት። ሰው ለምግብ ብሎ ብቻ አይመርጥም፤ በሦስት ክረምት ሦስት ጊዜ የቆመችውን ይይዛል፣ የወደቀችውን ይበላል። እንዲህ ሆኖ ነው ዘር የሚጠነክረው፣ ማንም ሳይጽፈው።

ግን ኢትዮጵያዊቷን ዝም ብሎ ማሳ ላይ መዝራት አይሆንም። መራራ ናት። ዘግይታ ነው የምታብበው፤ እዚያ አገር ደግሞ ዝናቡ ሲያቆም ፀሐዩ ምሕረት የለውም፣ የዘገየ ሳይቋጥር ይደርቃል። ስለዚህ ጥንካሬዋን ወስደው መራራነቷንና መዘግየቷን መተው ነበረባቸው፤ ይህ ደግሞ ሲነገር ቀላል ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከአንዲት አበባ ነው። ግብጦ ባብዛኛው ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው፣ ስለዚህ ሠራተኛዋ እንቡጡ ሳይፈነዳ ቀድማ ትደርሳለች፣ በቀጭን ወረንጦ ቅጠሉን ገልጣ የወንዴውን ክፍል አንድ በአንድ ትለቅማለች፣ ከሌላው ተክል ያመጣችውን የአበባ ብናኝ ትቀባዋለች፣ መልሳ ትሸፍነውና ክር ታስርበታለች። ወገቧ ይታጠፋል፣ ዓይኗ ይደክማል፣ ነፋስ ቢመጣ ክሩ ይጠፋል። ከዚያ አበባ የሚገኘው የመጀመሪያ ልጅ ሁሉም መራራ ነው! ጣፋጭነት ድብቅ ጠባይ ስለሆነ በመጀመሪያው ትውልድ አይታይም። ሁለተኛው ትውልድ ላይ ከአራት አንዱ ጣፋጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ አንዱ ውስጥ ደግሞ ቶሎ የሚያብበው ስንቱ ነው? ከዚያ ውስጥ በሽታውን የሚችለው ስንቱ ነው?

ዋናው ፈተና ግን ሌላ ነበር። የታንጂል ጥንካሬ በአንድ ዘረመል ነው ብያችኋለሁ፤ አንድ ምሰሶ የያዘው ቤት እንደ ማለት ነው፣ ምሰሶውን አግኝቶ መውሰድ ይቻላል፣ ፈንገሱም ያንን ምሰሶ ከነቀለው ቤቱ ይወድቃል። የኢትዮጵያዊቷ ጥንካሬ እንዲያ አይደለም፤ እንደ ጎጆ ማገር በብዙ ቦታ የተበተነ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ የሚይዝ ነው። አንዱን ማገር ወስዶ ሌላውን የተወ ሰው እጁ ላይ የቀረው ጎጆ አይደለም። ለዚህ ነው ሥራው ዓመታት የፈጀው። ኪየቭ ሙታንትንና ፒ27174ን አዳቅለው፣ ልጆቹን ራሳቸውን በራሳቸው እንዲራቡ አድርገው እስከ ስምንተኛው ትውልድ አደረሷቸው፤ ሁለት ሰዎች ተጋብተው እስከ ስምንተኛ ትውልድ ድረስ የማን ልጅ አፍንጫው ወደ ማን እንደ ሄደ የሚቆጥር ባለ ትዝታ ሽማግሌ አስቡ። በ2007 የነጭ ግብጦ የመጀመሪያው የዘረመል ካርታ ታተመ፤ በሽታውን የሚያስችሉት ማገሮች የት የት እንዳሉ፣ አበባው የሚዘገይበትና መራራው የሚቀመጥበት ቦታ የት እንደሆነ በዚያ ካርታ ላይ ተመለከተ።

ማሳው ግን ካርታውን አልጠበቀም። ኬዳር አዲካሪ፣ ቤቫን ቡርቼል፣ ጄፍ ቶማስ፣ ማርክ ስዊቲንግሃምና ሌሎችም እያዳቀሉ፣ በሽታው መካከል እየዘሩ፣ የተደፋውን እየጣሉ፣ የቆመውን እየያዙ ቆይተው በ2005 አንድሮሜዳ የሚባል ዝርያ ወጣ። በሽታውን መካከለኛ በሆነ መጠን ይችላል፣ ግን ትንሽ ይዘገያል። ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2009 ከኢትዮጵያ ዝርያዎች ወደ ዘመናዊዎቹ ጥንካሬው እንዴት እንደ ተሻገረ ጽፈው አሳተሙ፣ በ2012 ደግሞ ቶሎ የሚያብበው አሚራ ተከተለ። አንድሮሜዳን የማውቃት በልጅነቴ ከሰማሁት ተረት ነው፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሆነች፣ ለባሕር አውሬ ልትሰጥ ከዓለት ጋር የታሰረች ልጅ ናት ይሏታል ግሪኮቹ። ስም አውጪዎቹ ይህን አስበውት ይሁን አይሁን አልፈርድም፤ እኔ ግን ስሰማው ፈገግ ብያለሁ።

በሽታውም በአንድ አገር አልቀረም። በ1990ዎቹ አውሮፓ ውስጥም የነጭ ግብጦን እርሻ መትቷል። በኋላ ተመራማሪዎች ፈንገሱን ከየአህጉሩ ሰብስበው ዝምድናውን ቢመረምሩት ምንጩ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ አንዲስ ተራሮች የሚያመራ ሆነ፤ እዚያ ያሉ ሕዝቦች የራሳቸው የሆነ መራራ ግብጦ አላቸው፣ እነሱም እንደኛ በውኃ አጥበው ነው የሚበሉት። ይገርማል፦ የሁለት ተራራ ሕዝቦች፣ ተያይተው የማይተዋወቁ፣ ሁለቱም ወንዝ ዳር ቁጭ ብለው መራራውን ሲያስወስዱ ኖረዋል፤ ከአንዱ ተራራ በሽታው ወጣ፣ ከሌላው ተራራ መድኃኒቱ። በፖላንድና በስዊዘርላንድ ያሉ ተመራማሪዎችም ዛሬ በዚህች በፒ27174 ልጆች ወይም በሌሎች የኢትዮጵያ ግብጦዎች ላይ ነው የሚደክሙት።

በዚህ ነገር አልቆጣም። ዘር ድሮም ይሄድ ነበር፤ ከአገር አገር ሲሻገር ማንም ፈቃድ አይጠይቀውም ነበር፣ እኛም በቆሎውንና በርበሬውን ከባሕር ማዶ አግኝተናል። አዲስ አበባም በ1976 የራሷን የዘር ባንክ አቋቁማለች። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ መዝገቡ ላይ ቁጥሩ አለ፣ የሰጪዋ እጅ የለም። ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ ያደረጉት ነገር ከአያቴ ሥራ ተለይቶ አይታየኝም፤ እሷ መራራውን ከፍሬው ታስወጣ ነበር፣ እነሱ ከዘሩ። ከሁለቱም የሚፈለገው ትዕግሥት አንድ ነው፣ የእሷ አምስት ቀን ይሁን እንጂ የእነሱ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ።

ያለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ መርዓዊ ነበርሁ። ገበያው ዳር አንዲት ወጣት ግብጦ በጎድጓዳ ሳፋ ይዛ ተቀምጣለች፣ በሻይ ብርጭቆ እየሰፈረች ትሸጣለች። «አባባ፣ ይቅመሱ» አለችኝ። በየትኛው ወንዝ እንደ ዘፈዘፈችው ጠየቅኋት። «ኮጋ ነው» አለች፤ ከዚያ እኔ የማውቀው ኮጋ እንዳይመስለኝ ይመስላል፣ «ከግድቡ በታች» ብላ ጨመረች። ስንት ቀን አልኋት። «አምስት» አለች።

አንዲቷን አነሣሁ፣ ልጧን በአውራ ጣቴ ገፍቼ ጣልሁ፣ በፊት ጥርሴ ነከስኋት፣ ዓይኔን ጨፈንሁ። ልጅቷ አፌን ታያለች። ዓይኔን ስገልጥ፣ ምንም ሳልላት፣ ብርጭቆውን ሞልታ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ፤ ልከፍላት እጄን ኪሴ ስከት ደግሞ ከሳፋው አንድ እፍኝ ዝቃ ምራቂ ጨመረችልኝ።